ደመወዝ የሌለው መድረክ፦ የበጎ ፈቃደኞች ቲያትር ታሪክ ከመጋረጃው ጀርባ

የአማተር ቲያትር ቡድኖች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለምስረታ በዓል በሚታተም መጽሔት ላይ ነው። በመጽሔቱ የመሥራቾቹ ፎቶግራፍና ለመድረክ የበቁት ተውኔቶች ዝርዝር ይወጣል፤ ከቡድኑ ወጥቶ በኋላ ስመ ጥር የሆነ ተዋናይ ካለ ደግሞ ስሙ በደማቁ ይሰፍራል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን በብዛት አንብቤአለሁ፤ ወጣት ሳለሁም መጋረጃ ከሚጎትቱትና መብራት ከሚሰቅሉት ወገን ስለ ነበርኩ ጉዳዩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ቡድኑ በእርግጥ እንዴት እንደ ኖረ የሚናገረው ክፍል መጉደሉ ነው። የአዳራሹን ኪራይ ማን ከፈለ? ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ልምምዱን በየትኛው ሰዓት አደረጉት? ገንዘብ ያዡ ሲለቅ ማን ተተካ? ቡድኑ ለሁለት የተከፈለውስ በምን ጉዳይ ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ የበጎ ፈቃደኞች ቲያትርን ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። በቲያትር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያተረፉት የአማተር ቡድኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወይ ተበትነዋል ወይ አማተርነታቸውን ትተዋል፤ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቁት ደግሞ በአብዛኛው የታሪክ መጻሕፍት እምብዛም የማያነሷቸው ናቸው። ዝናና ዕድሜ አብረው አልተሰጡም። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ከጥቂት ቡድኖች ሕይወት ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድሬ አንትዋን በፓሪስ የጋዝ ኩባንያ የሚሠራ ጸሐፊ ነበር። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ማታ በሞንማርትር ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ አዳራሽ፣ እንደ እርሱ በየሥራው ከሚውሉ አማተሮች ጋር ይለማመዳል። ክበቡ ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል የታወቁ ተውኔቶችን መጫወት የለመደ ነበር፤ አንትዋን ግን ማንም ያልሠራቸውን አዳዲስ ሥራዎች ለማሳየት ተነሣ። ከእነዚያ አንዱ አወዛጋቢ ከነበረው ደራሲ ከኤሚል ዞላ ታሪክ የተወሰደ በመሆኑ ክበቡ ስሙ በጉዳዩ እንዲነሣ አልፈለገም፤ አንትዋንም ለትርኢቱ ሌላ ስም ማውጣት ግድ ሆኖበት «ነጻ ቲያትር» አለው። ማርች 30 ቀን 1887 ለሚከፈተው ትርኢት የመድረክ ዕቃ መከራያ ገንዘብ ስላልነበረው፣ የእናቱን የመመገቢያ ክፍል ወንበርና ጠረጴዛ ለምኖ፣ በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ ራሱ በፓሪስ ጎዳናዎች እየገፋ ወደ አዳራሹ አደረሰው።

የቲያትር ታሪክ ጸሐፊዎች በአንትዋን መድረክ ላይ ስለ ታዩት እውነተኛ ዕቃዎች ሲያትቱ ከእውነታዊነት ፍልስፍና ይጀምራሉ። ፍልስፍናው አልነበረም አልልም፤ በ1888 ሥጋ ቤት ለሚያሳይ ትዕይንት እውነተኛ የበሬ ሥጋ መድረክ ላይ እስከ ማንጠልጠል ደርሷል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዋን ምሽት የእናቱ ወንበሮች ያስጌጧት ከእጅ ማጠር የተነሣ ነው፤ ቀለም የተቀባ ሸራና የኪራይ ዕቃ የሚያቀርብ ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ያ ምሽት ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሌላም ብልሃት ነበረው። ትርኢቱ ለአላፊ አግዳሚው ትኬት የሚሸጥበት ሳይሆን አባላት አስቀድመው መዋጮ ከፍለው የሚታደሙበት የግል ክበብ በመሆኑ የመንግሥት ሳንሱር አይነካውም ነበር፤ አከራካሪ የነበረውን የኖርዌያዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሄንሪክ ኢብሰንን ሥራ በ1890 ለማሳየት የቻለውም በዚህ መንገድ ነው። በ1889 በበርሊን፣ በ1891 በለንደን የተቋቋሙ ተመሳሳይ ማኅበራት ይህንኑ የአባልነት ዘዴ ወርሰዋል።

ስም በወጣ ቁጥር ወጪው አደገ። አንትዋን የጋዝ ኩባንያውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለቲያትሩ ሰጠ፤ ልምድ ያካበቱ ተዋንያኑ ደመወዝ ወደሚከፍሉ ቤቶች ሄዱ፤ እርሱም በዕዳ ተወጥሮ በ1894 ያቋቋመውን ቲያትር ለሌላ አስረክቦ ወጣ። በ1906 በመንግሥት የሚደጎመው የኦዴዮን ቲያትር ዳይሬክተር ሲሆን የቀድሞው የጋዝ ኩባንያ ጸሐፊ ፍጹም ባለሙያ ሆኗል። ነጻ ቲያትሩ ግን ከአሥር ዓመት አላለፈም።

የደብሊኖቹ ወንድማማቾች የዊልያምና የፍራንክ ፌይ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያሳዝነኛል። ዊልያም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ፍራንክ የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ማታ ማታ እየተለማመዱ በኤፕሪል 1902 የገጣሚውን የዊልያም በትለር ዬትስን ተውኔት አሳዩ። ከዚያ በኋላ የተከራዩት የካምደን ስትሪት አዳራሽ መድረኩ ጠባብ፣ ጣራው የሚያፈስ ነበር። በሜይ 1903 ቅዳሜ ዕለት ለንደን ተሻግረው ቀንና ማታ ተጫወቱ፤ ተዋንያኑ ከሥራ ቀርተው መቆየት ስለማይችሉ ለሰኞ የሥራ ሰዓት ደብሊን መመለስ ነበረባቸው። በሻይ ንግድ ከበለጸገ ቤተሰብ የተወለደችው አኒ ሆርኒማን በዚህ ቡድን ሥራ ተማርካ በአቢ ስትሪት ሕንጻ ገዝታ አሳደሰችላቸው፤ የአቢ ቲያትርም ዲሴምበር 27 ቀን 1904 ተከፈተ።

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የብዙ ቡድኖች ዕጣ በዚህ መታጠፊያ ላይ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ማኅበሩ እያንዳንዱ አባል ድምፅ ያለው፣ የሚጫወተውን ተውኔት በጋራ የሚመርጥ ነበር። በ1905 በሆርኒማን ገንዘብ ለተዋንያን ደመወዝ መክፈል ሲጀመር ማኅበሩ ወደ ኩባንያነት ተለወጠ፤ ሥልጣኑም በጸሐፌ ተውኔቶቹ በዬትስ፣ በሌዲ ግሪጎሪና በጆን ሚሊንግተን ሲንጅ እጅ ገባ። ደመወዝ ክፉ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ የሠራ ሰው ሊከፈለው ይገባል። ነገር ግን ደመወዙ በአንድ በር ሲገባ የአባላቱ ድምፅ በሌላው በር ወጣ፤ በዚህ ያልተስማሙት ተለይተው በ1906 የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑን ከባዶ ያነሡት የፌይ ወንድማማቾች ራሳቸው በ1908 ከአቢ ወጡ። የአቢ ቲያትር ዛሬም የአየርላንድ ብሔራዊ ቲያትር ነው፤ በምረቃው ታሪክ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ግን ገጣሚው ዬትስ ነው፤ ጣራው በሚያፈስ አዳራሽ ተዋንያኑን ያሠለጠኑት የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ጸሐፊው ወንድሙ ከኋላ ይመጣሉ።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የዓሣ አጥማጆች መንደር በሆነችው በፕሮቪንስታውን የተጀመረው ደግሞ በአንድ ቤት ሳሎን ነበር። በ1915 ለዕረፍት የመጡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ሁለት አጫጭር ተውኔቶችን ለወዳጆቻቸው አሳዩ፤ የመጀመሪያው ባሕሩን ከጀርባው አድርጎ በረንዳው ላይ ተሠራ፤ ሲያበቃ ታዳሚዎቹ ተነሥተው ወንበሮቻቸውን አዙረው ሁለተኛውን በሌላው የክፍሉ ጫፍ ተመለከቱ። የሁለተኛው ተውኔት ደራሲዎች ሱዛን ግላስፔልና ባሏ ጆርጅ ክራም ኩክ ነበሩ፤ የቡድኑም ሞተር ኩክ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ አሮጌ የዓሣ ማራገፊያ መጋዘን ጠርገው የወጣቱን ጸሐፌ ተውኔት የዩጂን ኦኒልን የመጀመሪያ የመድረክ ሥራ አሳዩ። ተውኔቱ በመርከብ ውስጥ ስለሚሞት መርከበኛ ነው፤ በዚያ ምሽት ከወለሉ ሳንቃ በታች ማዕበሉ ይሰማ፣ ከውጭም ጉም ወርዶ ነበር። የትኛውም ገንዘብ ያለው ቲያትር ቤት ያንን ድምፅ በመሣሪያ ለማስመሰል ይደክማል።

በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ደንባቸው የአሜሪካ ጸሐፌ ተውኔቶች ያለ ንግድ ጫና የሚሞክሩበት መድረክ እንዲሆን የሚያስብ ነበር። በ1920 ኩክ የቡድኑን ያለ የሌለ ገንዘብ አፍስሶ ከመድረኩ ጀርባ ብርሃን ሲያርፍበት ወሰን የሌለው ሰማይ የሚመስል የጂፕሰም ጉልላት አሠራ፤ ጥቁሩ ተዋናይ ቻርልስ ጊልፒን መሪ ሆኖ የተጫወተበት አዲሱ የኦኒል ተውኔትም በዚያ ጉልላት ፊት ታየ። ተውኔቱ እጅግ ተወደደ፤ ወዲያው የኒው ዮርክ የንግድ ቲያትሮች ወዳሉበት ወደ ብሮድዌይ ተዛወረ። ቡድኑን ያናጋው ይኸው መወደድ ነው። ቀጥሎ የሚሠራው ሁሉ «ብሮድዌይ ይደርስ ይሆን?» በሚል ዓይን ይታይ ጀመር፤ ኩክ በ1922 ከግላስፔል ጋር ወደ ግሪክ ሄደ፤ በ1924 እዚያው ዴልፊ አረፈ። በቡድኑ ስም የቀጠለው ቲያትር ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰዎች የሚመሩት ሌላ ድርጅት ነው።

አሁን ወደ ዝምተኞቹ ልመለስ። በቦስተን ከተማ ጃማይካ ፕሌይን ሰፈር የሚገኘው ፉትላይት ክለብ በ1877 ተመሠረተ፤ በአሜሪካ ሳይቋረጥ ከቀጠሉት የማኅበረሰብ ቲያትሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው ይባላል። የሚጫወትበት ኤልየት አዳራሽ በ1889 ሊፈርስ ሲል አባላቱ ተሰባስበው ገዙት። በአንድ ወቅት ለክለቡ ከባድ ዕዳ የነበረው ያ ግዢ ለዛሬው ዕድሜው ምክንያት እንደ ሆነ አልጠራጠርም። የተከራየ ቡድን አከራዩ ሐሳቡን በለወጠ ቀን ይበተናል፤ ቤት ያለው ቡድን ግን ተዋንያኑ ቢቀሩ እንኳን ጣራ ሊያድስ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ይኖረዋል፤ ኮሚቴው እስካለ ድረስ ደግሞ አንድ ሰው ተውኔት ይዞ መምጣቱ አይቀርም። በእንግሊዝ ከ1901 ጀምሮ የዘለቀው የስቶክፖርት ጋሪክ የተባለው የአማተር ቡድንም የራሱ ቤት አለው። በ1946 የተመሠረተው የብሪታንያ የትናንሽ ቲያትሮች ማኅበር አባል ለመሆን ቡድኑ ራሱ የሚያዝበት ሕንጻ ሊኖረው ይገባል የሚል መስፈርት ማስቀመጡ ከዚሁ ልምድ የመነጨ ይመስለኛል። መሥራቾቹ የትወና ችሎታን ሳይሆን ቁልፍ በእጅ መያዝን ነው የጠየቁት።

ሕንጻ ካነሣሁ አይቀር ሮዌና ኬድን ማለፍ አልችልም። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በኮርንዎል ትኖር ነበር፤ የአካባቢው አማተሮች በ1929 በሜዳ ላይ ሼክስፒርን ተጫውተው ቀጣዩን የት እናሳይ ሲሉ፣ ከቤቷ ግቢ በታች ያለውን የባሕር ገደል እንዲጠቀሙበት ሰጠቻቸው። ከአትክልተኛዋና ከአንድ ረዳት ጋር ድንጋዩን ፈልጠው ደልድለው፣ በ1932 የመጀመሪያው ትርኢት በባትሪና በመኪና መብራት ታየ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት መሥራቷን አላቋረጠችም፤ አሸዋ ከባሕሩ ዳርቻ በከረጢት ተሸክማ ታመጣለች፣ ከሲሚንቶ ጋር ታቦካለች፣ ሳይደርቅም በአሮጌ ጠመንጃ መፍቻ — ካቻቢቴ በምንለው — በየመቀመጫው ላይ ጌጥ ትጭራለች። የሚናክ ቲያትር ዛሬም በየዓመቱ ትርኢት ያስተናግዳል። እርሷ ግን በ1976 ቦታውን ለበጎ አድራጎት አደራ አስረክባ ነው በ1983 ያረፈችው፤ ይህ ርክክብ ባይኖር ቲያትሩ የአንዲት ሴት ግቢ ሆኖ በቀረ ነበር።

የብዙ ቡድኖች ሞት የሚመጣው በዚሁ በርክክብ ጉድለት ነው። በ1912 የተከፈተው የቺካጎ ትንሹ ቲያትር 91 መቀመጫ ብቻ የነበረውና ለመላው የአሜሪካ ትናንሽ ቲያትሮች እንቅስቃሴ አርአያ የሆነ ነበር፤ ሁሉ ነገር በሞሪስ ብራውንና በባለቤቱ ትከሻ ላይ ስለ ነበር በ1917 ተዘጋ። በመድረክ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተዋናይ ማግኘት እምብዛም አይከብድም፤ ለአንድ መሪ ገጸ ባሕርይ ብዙ ሰው ይፈተናል። የሚከብደው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ የተዋሱትን ልብስ አጥቦ የሚመልስ፣ በባዶ አዳራሽ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ መብራት የሚያቀና፣ በመጨረሻው ምሽት ሁሉም ሲተቃቀፍና ፎቶ ሲነሣ መድረኩን የሚነቅል ሰው ማግኘት ነው። ይህ ሥራ በሁለት ወይም በሦስት ሰዎች ላይ ሲቆለል ቡድኑ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ማለቅ ይጀምራል፤ እነርሱ የደከሙ ዕለት ያበቃል። የምስረታ በዓል መጽሔቶች የእነዚህን ሰዎች ስም በመጨረሻው ገጽ በትናንሽ ፊደል ማስፈራቸው ለእኔ ስለ ቡድኑ ጤንነት ብዙ ይነግረኛል።

ከቤት ሌላ ለረጅም ዕድሜ ምክንያት የሚሆነው ደንብ ነው። በጀርመን ባቫርያ የምትገኘው የኦበራመርጋው መንደር ነዋሪዎች በ1633 ወረርሽኝ ሲፈጃቸው የክርስቶስን ሕማማት በየጊዜው ለማሳየት ተሳሉ፤ በ1634 ጀመሩ፤ ዛሬም በየአሥር ዓመቱ ያሳያሉ፤ የ2020ው በኮሮና ምክንያት ወደ 2022 ተዛወረ። ለመሳተፍ በመንደሩ መወለድ ወይም 20 ዓመት መኖር ያስፈልጋል፤ ከአምስት ሺህ ከሚበልጡት ነዋሪዎች ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉት ይሳተፋሉ፤ ከዝግጅቱ በፊት ባለው ዓመት ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ፀጉርና ጢም አይቆረጥም። እንዲህ ያለ ጥብቅ ልማድ ግን ስሕተትንም አብሮ ያቆያል። ያገቡ ወይም ከ35 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች መሳተፍ የቻሉት ጉዳዩ በፍርድ ቤት ታይቶ ከ1990 ጀምሮ ነው፤ አይሁድን በጥላቻ የሚስለው የቀድሞው ጽሑፍም ከብዙ ውግዘት በኋላ ነው በሚገባ የታረመው። በፈረንሳይ ቮዥ ተራሮች ሞሪስ ፖትሼር በ1895 ያቋቋመው የቡሳን የሕዝብ ቲያትር ከዚህ ለስለስ ያለ ነው፤ የመንደሩ ሰዎች ዛሬም ከባለሙያዎች ጋር ተደባልቀው ይጫወታሉ፤ የእንጨቱ ሕንጻ የኋላ ግድግዳ ሲከፈትም ከጀርባው ያለው ደን የመድረኩ አካል ይሆናል።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ የሚፈትን አንድ ቡድን ይቀራል፤ የኬንያው ካሚሪቱ። በሊሙሩ አካባቢ በሚገኘው በዚህ መንደር የጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ትምህርት የሚሰጥበት የማኅበረሰብ ማእከል ነበር፤ ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በ1977 በኪኩዩ ቋንቋ የጻፉትን ተውኔት ለማኅበረሰቡ አቀረቡ። ንባቡና ልምምዱ በአደባባይ ስለ ነበር ተመልካቹ ንግግሩን ያርም፣ ሽማግሌው እንዲህ አይልም፣ ይህ ዘፈን እንዲህ አይዜምም ይል ነበር። ወጣቶች የመድረኩን ንድፍ መሬት ላይ በክብሪት እንጨት አስቀመጡ፤ ከዚያ ትንሽ ናሙና ሠሩ፤ በመጨረሻም የመንደሩ ሰዎች ከሁለት ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ክፍት ቲያትር በጉልበታቸው አነጹ። ተዋንያኑ ገበሬዎች፣ የሻይ እርሻና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ።

ትርኢቱ ኦክቶበር 2 ቀን 1977 ተከፈተ፤ ኖቬምበር 16 ቀን መንግሥት ፈቃዱን አነሣ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዓመቱ መጨረሻ ተይዞ ያለ ፍርድ ለአንድ ዓመት ያህል ታሰረ። መንደሩ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1982 ሌላ ሥራ አዘጋጅቶ ናይሮቢ በሚገኘው ብሔራዊ ቲያትር ሊያሳይ ሲል በሩ ተዘጋበት፤ ልምምዱን በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጥል ብዙ ሺህ ሰው እየመጣ ያይ ጀመር፤ ያም ተከለከለ። በመጋቢት ወር ሦስት መኪና ሙሉ የታጠቀ ፖሊስ ካሚሪቱ ደርሶ የመንደሩ ሰዎች ያነጹትን ቲያትር አፈራረሰው።

ይህ ቡድን ቤት ነበረው፤ ሥራው በጥቂቶች ላይ አልተጫነም፤ ደመወዝ አላናጋውም፤ ወደ ንግድ መድረክ የጠራውም የለም። ስለዚህ ከላይ የደረደርኩት የቤት፣ የርክክብና የደንብ ሐሳብ የመንግሥት እጅ በማይደርስበት አገር ላሉ ቡድኖች የሚሠራ እንጂ ለሁሉም የሚሆን አይደለም። የሕንጻው መፍረስ ግን የአሠራሩ ማብቂያ አልሆነም። ንጉጊ ዋ ሚሪና የተውኔቱ አዘጋጅ ኪማኒ ጌካው ወደ ዚምባብዌ ተሰደዱ፤ እዚያም በየመንደሩ ከሚገኙ ሰዎች ጋር ተውኔት በጋራ መሥራቱን ቀጠሉ፤ ንጉጊ ዋ ሚሪ በ2008 በመኪና አደጋ እስካረፈ ድረስ የዚምባብዌን የማኅበረሰብ ቲያትር ቡድኖች በማሠልጠንና በማደራጀት ኖሯል።